ሲኦል ላይ አታሳርፉኝ

«ሲኦል! ሲኦል! ሁለት ሰው የቀረው ሲኦል!»

እንዲህ እያለ የሚጮኸው የሚኒባስ ረዳት ዕድሜው ከልጅ ልጄ አይበልጥም። መኪናው ከደብረ ማርቆስ ወደ ይጁቤ ነው የሚሄደው። ግን «ይጁቤ» ብሎ ቢጣራ ማን ይስቅለታል? ስለዚህ ይጁቤን ትቶ መንገድ ላይ ያለውን ሸለቆ ይጠራል፤ መናኸሪያውም ይስቅለታል። አንዱ ተሳፋሪ ገና ንስሐ አልገባሁም አለ። ሌላው የዚህን ሹፌር አነዳድ ላየ ሰው ሁላችንም እዚያው ነን አለ። ሁለቱም ቀልዶች እኔ ሳልወለድ የነበሩ ናቸው። አያቶቻችን የሳቁበትን ዛሬ የተፈለሰፈ አስመስሎ ለሚያቀርብልኝ ሰው ትዕግሥት የለኝም፤ ድሮም አልነበረኝም።

የምሄደው ለልቅሶ ነበር። ድልድዩ ዘንድ ስንደርስ ረዳቱ በሩን ከፈተና «እማማ፣ ሲኦል ደርሰዋል፤ ቀስ ብለው ይውረዱ» አለኝ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። ተናድጄ ወረድኩ። ሸለቆው አሁን ድልድይ አለው፤ ድልድዩ አጠገብ ለስላሳና ባትሪ ድንጋይ የሚሸጥ ሱቅ አለው። መኪናው ሲርቅ ግን ከታች ከወንዙ በኩል የእርጥብ ጭቃና የተረገጠ ጦስኝ ሽታ መጣና እግሬ እዚያው ቀጥ አለ። በዚያ ሽታ ውስጥ አንድ ሙሉ ክረምት እርምጃዬን እየቆጠርኩ ወጥቻለሁ፣ ወርጃለሁ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፤ ሦስተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ዓመት። ቤታችን ከሸለቆው ወዲህ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ኪዳነ ምሕረት ከሸለቆው ወዲያ ነበረች። ገበያውም ወዲያ ነው፣ ትምህርት ቤቱም ወዲያ ነው፣ መቃብሩም ወዲያ ነው። ስለዚህ በእኛ በኩል የተወለደ ሰው ቢማርም፣ ቢነግድም፣ ቢሞትም ሲኦልን ሳያልፍ አይሆንለትም። ስሙን ማን እንዳወጣለት የሚያውቅ የለም። አንዳንዱ የጥንት ጦር በጎርፍ ያለቀበት ነው ይላል። ሌላው ደግሞ የተጫነ በቅሎ ገደል የገባባቸው ሰዎች ተራግመው የሰየሙት ነው ይላል። አባቴ፣ በክረምት አንድ ጊዜ ዳገቱን የወጣ ሰው የስሙን ምክንያት አይጠይቅም ይል ነበር።

ቤታችን ውስጥ ቃሉ ከአፋችን አይለይም ነበር። «ሲኦል ወርደሽ ነይ» ማለት ውኃ ቅጂ ማለት ነው። «ከብቶቹ ሲኦል ናቸው» ከተባለ ጠግበው እየበሉ ነው፤ ሣር የሚለመልመው እዚያ ነበር። እናቴ ስትቆጣ እንኳ «ሲኦል ግቢ» አትለኝም፤ ብትለኝ እንስራዬን አንሥቼ እሄዳለኋ። «ገሃነም ግቢ» ነበር የምትለኝ፣ ገሃነም የሚባል ቦታ በአካባቢያችን ስላልነበረ። ትምህርት ቤት መምህሩ ሰፈሬን ጠይቆኝ «ከሲኦል ወዲህ» ያልኩ ዕለት ክፍሉ ተንጫጫ። ከዚያ ወዲህ አንጓች የሚለው ስሜ ቀርቶ «የሲኦሏ» ተባልኩ። ለአባቴ አቤት ብል እሱም ሳቀ።

እኔ ግን ቀልዱ አይገባኝም ነበር፤ እውነት ይመስለኝ ነበር። የነፍስ አባታችን መምሬ ተሻለ ሲሰብኩ፣ ኃጥአን ወደ ሲኦል ይወርዳሉ ባሉ ቁጥር ጣታቸውን ወደ በሩ ይቀስራሉ። በሩ ደግሞ ወደ ሸለቆው ነው የሚያየው። እሳቱ የት እንዳለ ውኃ በቀዳሁ ቁጥር እፈልገው ነበር። ባጣው ጊዜ፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ያጠፋዋል፣ በበጋ መልሰው ያቀጣጥሉታል ብዬ ደመደምኩ። ይህንኑ ለመምሬ ነገርኳቸውና እንግዲያው በክረምት የሚሞት ሰው አይሻለውም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። አባቴን ጠርተው፣ ይህችን ልጅ ወይ አስተምራት ወይ ዝም አሰኛት አሉት። አባቴ ሁለቱንም አልቻለም።

በዚያ ዓመት ሰኔ ሊገባ ሲል እማሆይ ወለተ ሥላሴ መጡብን። የአባቴ አክስት ናቸው። ተወልደው ያደጉት እኛው ሰፈር ነው። ገና በልጅነታቸው ደብረ ኤልያስ ተዳሩ፤ ባላቸው ሲሞት ልጅ ስላልነበራቸው ቆብ ደፍተው እዚያው ኖሩ። ሕመም ሲጠናባቸው አባቴ በበቅሎ አመጣቸው። መደቡ ላይ ጋደም እንዳሉ፣ የቀረበላቸውን ውኃ እንኳ ሳይጎነጩ የመጡበትን ተናገሩ።

«ልሞት ነው የመጣሁ። ሲኦል ላይ ግን አታሳርፉኝ» አሉ።

በእኛ አገር ሬሳ ከቤቱ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ ሰባት ጊዜ ያርፋል። በየማረፊያው ቃሬዛው ከትከሻ ወርዶ መሬት ይነካል፤ ካህኑ ፍትሐት ያደርሳሉ፣ ሰው ያለቅሳል፣ ተሸካሚ ይለወጣል። ማረፊያው ምዕራፍ ይባላል። እኔ ምዕራፍ የማውቀው በመጽሐፍ ውስጥ ስለነበር፣ ሟቹን ሰባት ምዕራፍ የሚያስነብቡት ይመስለኝ ነበር። በእኛ መንገድ ላይ ቁልቁለቱም ዳገቱም ጠባብ ነው፤ ቃሬዛ አስቀምጦ ካህን ሊቆምበት የሚችል ሜዳ ያለው ከታች፣ ወንዙን እንደተሻገሩ ብቻ ነው። ስለዚህ አራተኛው ምዕራፍ ከጥንት ጀምሮ ሲኦል ላይ ነው። የሰፈራችን ሙታን ሁሉ እዚያ አርፈዋል፤ አንዳቸውም አላጉረመረሙም። የኛዋ ግን ገና በሕይወት ሳሉ ማጉረምረም ጀመሩ።

ማለፉን አልጠላም ይሉ ነበር። ጌታም ወርዶ አልፎበታል፤ ማለፍ ሌላ ነው፣ ማረፍ ሌላ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ነፍሴን እዚያ እንዳያኖራት ስለምነው ኖሬ፣ እናንተ በገዛ እጃችሁ ሥጋዬን ልታሳርፉት ነው? አባቴ መጀመሪያ ሳቀ። እንደማይቀልዱ ሲገባው መሣቁን ተወ። ሐምሌ ላይ፣ እርሻው ሰቅዞ በያዘው ሰዓት፣ ማታ ማታ ስለ አራተኛው ምዕራፍ ሲጨቀጨቅ «ይቺ ሴትዮ በቁሟ ሬሳዋን አሸከመችን» ማለት ጀመረ።

እኔን ነገሩ ውስጥ ያስገባችኝ እናቴ ናት። እማሆይ፣ መንገዱን ለሰባት በደንብ ቢያካፍሉት ምዕራፉ ሲኦል ላይ ላይወድቅ ይችላል ብለው ሲከራከሩ፣ እናቴ አንጓች ማካፈል ትችላለች አለቻቸው። በኩራት ነበር የተናገረችው። ለዚህች ኩራቷ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ይቅር አላልኳትም።

በማግስቱ መቁጠር ጀመርኩ። የባቄላ ቆሎ በቀኝ እጄ ጨብጬ፣ መቶ እርምጃ በሞላ ቁጥር አንዱን ወደ ግራ እጄ አዛውራለሁ። ከቤታችን ደጅ እስከ ኪዳነ ምሕረት በር ድረስ ማለት ነው። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሆነ። ለሰባት አካፍዬ አራተኛውን ብፈልገው ወንዙ ዳር ነው። እማሆይ አልተቀበሉትም። በሁለተኛው ቀን ጭቃው ወደ ኋላ እያንሸራተተኝ ከሦስት ሺህ አለፈ። በሦስተኛው ቀን ርቦኝ ሦስቱን ባቄላ በላሁና መንገዱ በሦስት መቶ እርምጃ አጠረ።

«መንገዱ ያድጋል ይቀንሳል እንዴ?» አሉኝ እማሆይ።

መብላቴን አልተናዘዝኩም። ዝናብ ነው አልኳቸው። ዝናብ መንገድ ያሳጥራል ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ትምህርት ቤት ገና እዚያ አልደረስንም አልኩ። ባቄላውን ትተው በጠጠር እንድቆጥር አዘዙኝ። ያኔ ነው መጥላት የጀመርኳቸው። ሌሎች ልጆች ክረምቱን እሳት ዳር በቆሎ እየጠበሱ ሲያሳልፉት፣ እኔ ላልሞተ ሰው ማረፊያ እፈልጋለሁ።

የቱንም ያህል ብቆጥር ውጤቱ አንድ ነበር። አካፍዬም ቀንሼም ሲኦል ነው። እኩል ባይሆንስ አሉ እማሆይ በመጨረሻ፤ ሦስተኛውን ከቁልቁለቱ አፋፍ ላይ፣ አራተኛውን ከዳገቱ በላይ ብናደርገውስ? ለዚህ መልስ የሰጠው የጎረቤታችን የአያ ደምሌ ትከሻ ነው። አያ ደምሌ ሰፈራችን ውስጥ ሬሳ ሲወጣ ሁልጊዜ ከፊት የሚሸከም ሰው ነው። ከአፋፍ እስከ አፋፍ ሳያሳርፉ መሸከም የማይታሰብ ነው አለ። ታዲያ ሳትጸልዩ ለአፍታ ብቻ አስቀምጧት ሲል አባቴ አማለደ። እማሆይ ይህንንም ውድቅ አደረጉት፤ ከትከሻ ከወረድኩ አረፍኩ ማለት ነው አሉ።

መምሬ ተሻለ ተጠሩ። ዝናብ እያንጠባጠቡ ገብተው፣ በርኖሷቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ ይህ ሁሉ ንትርክ ለምን እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያም እማሆይን ገሠጹ።

«እማሆይ፣ ሲኦል የነፍስ ነገር ነው። ይሄ የቦታ ስም ነው፤ በቃ፣ ስም ነው» አሏቸው።

እማሆይ ከትራሳቸው ቀና አሉ። «አባቴ፣ ስም ከንቱ ከሆነ ስሞት ፍትሐቱ ላይ ወለተ ሥላሴ ብለው ለምን ይጠሩኛል? ‹አንዲት አሮጊት› ብለው ይሸኙኛ።»

መምሬ በርኖሷቸውን ሰብስበው ወደ በሩ ዞሩ። አባቴ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ስም ከንቱ አለመሆኑን እኔም አውቅ ነበር፤ አንጓች መሆኔን ተነጥቄ «የሲኦሏ» ሆኜ የከረምኩ ሰው ነኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በልቤ ለእማሆይ ፈረድኩላቸው። ይህን ግን ፈጽሞ አልነገርኳቸውም፤ ብነግራቸው ኖሮ እንደገና ቁጠሪ ይሉኝ ነበር።

መምሬ ሲሄዱ እማሆይ አዲስ ትእዛዝ አወጡ። ከወንዙ ማዶ ዳገቱ መሃል ላይ አንድ ትልቅ አጋም አለ። በልጅነታቸው ሽማግሌዎች እንደሚሉት ሲኦል የሚያልቀው እዚያ አጋም ሥር ነው፤ ከአጋሙ በላይ የኪዳነ ምሕረት መሬት ነው። ስለዚህ አጋሙ አካባቢ ቃሬዛ የሚያስቀምጥ ቦታ ከተገኘ ተሸካሚውም ሳይሞት፣ እሳቸውም ሲኦል ሳያርፉ ነገሩ ያልቃል። ፈልጊ አሉኝ።

ፈለግኩ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። መንገዱ እዚያ ላይ የአንድ በቅሎ ስፋት ብቻ ነው፤ በአንድ በኩል ግድግዳ የመሰለ ዳገት፣ በሌላው በኩል አጋሙ። አጋም እሾኽ ስለሆነ ከጀርባው ምን እንዳለ ማንም አላየም፤ እኔም አላየሁም። በጣቶቼ መሃል ጭቃ በልቶኝ ስራመድ እንደ እሳት ያቃጥለኝ ነበር። በአራተኛው ቀን አጋሙ ዘንድ እንኳ አልደረስኩም። ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ጦስኝ እየነቀልኩ አሸተትኩ፤ የደረስኩ ለመምሰል የሚበቃ ጊዜ ሲያልፍ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ሁሉም ራት ላይ ነበሩ። «አገኘሁት» አልኩ። ከአጋሙ ጀርባ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ቃሬዛም መምሬም ይችላል፤ እሾኹን በገጀራ መመንጠር ብቻ ነው አልኩ።

አባቴ የጎረሰውን ሳይውጥ «ተመስገን» አለ። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። በየሳምንቱ በዚያ አጋም ሥር የሚያልፍ ሰው ነው፤ ግን አንድ ወር ሙሉ የተነተረከበት ነገር ስላለቀለት ድንጋዩ መኖር ነበረበት። አለ ካለች አለ አለና በማግስቱ ለአያ ደምሌ ነገረው፤ አያ ደምሌም እንኳን ተገላገልን አለ። ሁሉም ሰልችቷቸው ስለነበር ማንም ሄዶ ለማየት አልፈለገም።

እማሆይ ግን እግሬን ያዩ ጀመር። ከቁርጭምጭሚቴ እስከ ጣቶቼ ድረስ አተኩረው አዩኝ። ጭቃው ማነሱን አይተው ዳገቱን እንዳልወጣሁ ያወቁብኝ መሰለኝና እግሬን ቀሚሴ ውስጥ ደበቅኩ። በኋላ እናቴን ጠርተው የሆነ ነገር በሹክሹክታ ነገሯት። እናቴ ቅቤ ይዛ መጥታ በጣቶቼ መሃል ቀባችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ቁጠሪ ብለውኝ አያውቁም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የኔ ግን በየቀኑ ይከብደኝ ጀመር። እማሆይ ባሳሉ ቁጥር እደነግጣለሁ። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ሞታቸውን ነው፤ እኔ ግን የምጠብቀው ድንጋዩን ነው። ክረምቱ አልፎ መስከረም እስኪጠባ እንዲቆዩልኝ ተሳልኩ። በበጋ የሚሞት ሰው ቀስ ብሎ ቦታ ይፈለግለታል ብዬ ነው።

በፍልሰታ ጾም መሃል፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ በነጋ አንድ ጠዋት ሞቱ። እናቴ ስታለቅስ እኔም አለቀስኩ። ሰው ለአባቷ አክስት እንዴት አዘነች አለ፤ እኔ የማለቅሰው ግን ለድንጋዩ ነበር።

ሬሳው በነጭ ተገንዞ፣ በሰሌን ተጠቅሎ ቃሬዛው ላይ ተጫነ። ሰዉ ሁሉ ጾመኛ ነው፤ የተሸካሚዎቹ አፍ ውኃ እንኳ አልነካም። የመጀመሪያው ምዕራፍ ደጃችን ላይ ሆነ፤ ሁለተኛው ዋርካው ሥር፤ ሦስተኛው ከቁልቁለቱ አፋፍ። እኔ ከመምሬ ኋላ ጥላቸውን የያዘውን ዲያቆን ተጠግቼ እሄዳለሁ። በየምዕራፉ ለአባቴ ልነግረው እጠጋለሁ፤ ፊቱን ሳየው ቃሉ ይጠፋኛል። ቁልቁለቱን እየተንሸራተቱ ወረዱ። ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ ቃሬዛውን ከራሳቸው በላይ አንሥተው እስከ ጭናቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ተሻገሩ።

ማዶ እንደወጡ፣ ሁልጊዜ ሬሳ የሚያርፍበት ሜዳ ላይ፣ አያ ደምሌ ከልማድ የተነሣ ቆመና ትከሻውን ዝቅ አደረገ። ምነው በዚያች ቅጽበት በተናገርኩ! አባቴ «እዚህ አይደለም፤ ከአጋሙ ጋር ነው» አለው። ትንፋሻቸውን ሰብስበው ዳገቱን ጀመሩ።

አጋሙ ዘንድ ሲደርሱ አራቱም ተሸካሚዎች ይንቀጠቀጡ ነበር። ውኃው ከልብሳቸው፣ ላቡ ከፊታቸው ይወርዳል። ከኋላ የሚመጣው ሰው መንገዱን ሞልቶታል፤ መመለስ አይቻልም። አንዱ ገጀራ ይዞ ቀረበ። አባቴ ወደ ኋላ ዞሮ ፈለገኝና «አንጓች፣ በየት በኩል ነው?» አለኝ።

«የለም» አልኩ።

«ምን የለም?»

«ድንጋዩ የለም። ዋሽቼ ነው።»

አባቴ አልመታኝም፤ የሚመታበት ቦታ አልነበረም። አያ ደምሌ አንገቱን ከቃሬዛው ሥር እንደምንም አዙሮ አየኝ። «እንግዲህ ምን ይደረግ፤ ሲኦልማ አልፈናል» አለ።

ከፊታችን የነበሩት መምሬ ተሻለ ዞረው አዩን። እማሆይን አሰቡ መሰለኝ፤ ፊታቸው ላይ ብስጭትና ሌላ ነገር ተቀላቅሎ አየሁበት። «ቆማችሁ አትጠብቁኝ። ሂዱ፤ እየሄድን ነው የምንፈታት» አሉ። ያን ዳገት ወደ ላይ እየወጡ፣ እያለከለኩ፣ ቃሉን በየትንፋሹ እየቆራረጡ የአራተኛውን ምዕራፍ ፍትሐት ማድረስ ጀመሩ። «ወለተ ሥላሴ» ብለው ስማቸውን ሲጠሩ ድምፃቸው ሸለቆውን ሞላው። ጎረምሶቹ በጠባቡ መንገድ ከተሸካሚዎቹ ሥር እየሾለኩ፣ ቃሬዛው ሳይቆም ትከሻ በትከሻ ተቀባበሉት። ከኋላ ያሉት የፊተኞቹን ወገብ ይገፉ ነበር፤ እናቴና ሌሎች ሴቶችም ይገፉ ነበር። አፋፉ ላይ ወጥተው ሲያስቀምጧቸው ተሸካሚዎቹ ራሳቸው ከቃሬዛው ጎን እንደ ሬሳ ተዘረሩ። ሰው ማልቀስም መሣቅም አቅቶት እርስ በርሱ ይተያይ ነበር።

ከዚያ በኋላ አባቴ ሦስት ቀን አላናገረኝም። አያ ደምሌ ለሠልስት ሲመጣ የተላጠ ትከሻውን ገልጦ አሳየኝና፣ ሌላ ጊዜ ስትዋሺ ከወንዙ ወዲህ ዋሺ አለኝ። ሰፈሩም አዲስ ወግ አገኘ፦ ሲኦልን ሳያርፍ ያለፈ ማን ነው ሲባል፣ እማሆይና የደምሌ ትከሻ ይባል ጀመር። እኔ ግን መሣቅ አልቻልኩም። በሠልስቱ ማግስት እናቴ ጠጉሬን ልትሠራኝ በጉልበቶቿ መሃል አስቀምጣኝ ሳለ፣ እማሆይን በማታለሌ አዝኛለሁ አልኳት።

እናቴ ሚዶዋን አቆመች። ሰልችቷት የከረመውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወጣችው።

«ማንን ነው ያታለልሽው? ተወልደው ያደጉበትን አገር? ከአጋሙ ጀርባ ገደል ነው፤ ልጅ ሳሉ ፍሬውን ሲለቅሙ ገብተውበት ተርፈዋል። የዚያን ዕለት ማታ ጠርተው ነገሩኝ። ለአባቷ ልንገረው ወይ ብላቸው እንዳታጋልጫት ብለው አስማሉኝ። ተሸካሚዎቹማ እንደ ልማዳቸው ወንዙ ዳር ያሳርፉኛል አሉኝ።»

ለምን ታዲያ አልኳት። አንድ ወር ሙሉ ለሰው ሁሉ እምቢ ብለው፣ ለቄሱ እምቢ ብለው፣ ለምን እሺ አሉ?

እናቴ ሚዶዋን መልሳ ጠጉሬ ውስጥ ሰካች። «‹ተያት፤ እግሯ አልቋል። ይሁን፤ የቦታ ስም ነው› አሉኝ።»

ይህን ሁሉ ድልድዩ ላይ ቆሜ አስታወስኩ። ለልቅሶው ጊዜ ነበረኝና በአሮጌው መንገድ ቀስ እያልኩ ወጣሁ። አጋሙ አለ፤ ያው ይሁን ሥሩ ያበቀለው ሌላ አላውቅም። ያኔ ያላየሁትን ልይ ብዬ ቅርንጫፉን በነጠላዬ ይዤ ገለጥኩት። እሾኹ ወጋኝ። ከጀርባው አንድ ጫማ እንኳ የሚያስረግጥ መሬት የለም፤ ከታች ወንዙ ይታያል። እዚያው ቆሜ፣ ለዚያች የጭቃ እግር ላላት ዋሾ ልጅና ላመኗት ለመሰሉት አሮጊት አለቀስኩ።

ማታ ስመለስ ያው ሚኒባስ፣ ያው ረዳት መጣ። በሩን ከፍቶ ዐየኝና ፊቱ በራ።

«እማማ፣ ሲኦል እንዴት ሰነበተ?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ልቆጣው ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«የቦታ ስም ነው» አልኩት፤ እጄን ይዞ አሳፈረኝ።